የአጎቴ ድምፅ በስንት ቁጥር ይጻፋል?

ግቢያችን ውስጥ «አናሎግ» የሚለው ቃል ስድብ ከሆነ ሰነባብቷል። ስልኩ ያረጀበት፣ ሱሪው ያልዘመነለት፣ ለወደዳት ልጅ በወረቀት ደብዳቤ የጻፈ ሁሉ «አንተ ደግሞ አናሎግ ነህ» ይባላል። «ዲጂታል» ደግሞ ሙገሳ ነው። ባለፈው ሴሚስተር የሬዲዮ ዝግጅት ኮርስ ላይ «ለመሆኑ ድምፅ ዲጂታል የሚሆነው ምን ሲሆን ነው?» ተብለን ስንጠየቅ ግን ክፍሉ በሙሉ እርስ በርሱ ተያየ። ከኋላ ወንበር አንዱ «ኮምፒውተር ውስጥ ሲገባ ነዋ!» አለና ሳቅንበት። ልጁ እኮ አልተሳሳተም። ግን በየት በኩል ነው የሚገባው? በሩ ላይ ማን ቆሟል? ማንን ያስገባል፣ ማንንስ ይመልሳል?

ይህ ጽሑፍ ስለዚያ በረኛ ነው። ስሙ ከአናሎግ ወደ ዲጂታል ቀያሪ ይባላል። በመውጫው በር ላይ የሚቆመው ወንድሙ ደግሞ ከዲጂታል ወደ አናሎግ ቀያሪ ነው። ስልክ የያዘ ሁሉ ሁለቱንም በኪሱ ይዞ ይዞራል። እኔ ግን ነገሬ ብዬ የተዋወቅኋቸው በቤተሰብ ጉዳይ ነው።

ደባርቅ ያለችው አያቴ ሳጥን ውስጥ፣ በነጠላ ቁራጭ የተጠቀለለ አንድ ባለ 60 ደቂቃ ካሴት አለ። በደርግ ጊዜ ወደ ሱዳን የተሻገረው አጎቴ በ1979 ዓ.ም. ከገዳሪፍ፣ በመተማ በኩል በሚመላለስ ነጋዴ እጅ የላከው ነው። ማንበብ ለማትችል እናት ደብዳቤ ጽፎ በሰው አፍ ከማስነበብ በካሴት ተናግሮ መላክ ይሻላል፤ በዚያ ዘመን የተሰደደ ሰው ብዙው እንዲህ ያደርግ ነበር። አጎቴ ከዚያ በኋላ ሌላ ካሴት አልላከም። እሱም አልመጣም። ፎቶግራፉ እንኳ አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የልጅነቱ። አያቴ ካሴቱን በየዓመቱ ለፋሲካ ቤቱ ሰው ሲሞላ ታስከፍተዋለች፤ እኔም አጎቴን የማውቀው በዚህ ድምፅ ነው። ሁለት ዓመት ይሆነዋል፣ ቴፑ ካሴቱን መብላት ጀመረ። ክሩ ተጨማደደ፣ ከውስጥ ክሩን የምትጫነው ትንሿ ስፖንጅ ወልቃ ወደቀች፣ አያቴም ሳጥኑን ቆለፈች።

በዘንድሮው የሴሚስተር ዕረፍት ካሴቱን በእጄ አምጥቼ አራዳ አካባቢ ካሉት ጥቂት የቀሩ ቴፕ ጠጋኞች ለአንዱ አሳየሁት። ሽማግሌ ናቸው። መነጽራቸውን አውርደው ክሩን በብርሃን አዩት።

«ጋሼ፣ ይድናል?»

«ልብሱን እቀይርለታለሁ» አሉ፤ የላስቲክ ቤቱን ማለታቸው ነው። «ክሩ ግን ደርቋል። አንድ ጊዜ ይጫወት ይሆናል። ሁለተኛውን አልምልልህም። ስለዚህ ስትቀዳ፣ ቀድተህ ጨርስ።»

እንግዲህ ነገሩ ይኸው ነው። አንድ ዕድል አለ። በዚያች አንድ ዕድል ድምፁን ከክሩ ላይ ወደ ቁጥር መለወጥ አለብኝ። ስለዚህ በረኛው እንዴት እንደሚሠራ ሳላውቅ በሩ ላይ መቆም ፈራሁ፤ ሁለት ሳምንት ሙሉ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ፣ የኤሌክትሪካል ተማሪ ጓደኛዬንም በሻይ እየደለልኩ አስጨነቅሁት።

መጀመሪያ ከክሩ ልነሳ። አጎቴ ሲናገር አየሩ ተገፋ፣ አየሩ የማይክሮፎኑን ስስ ሽፋን ገፋ፣ ሽፋኑ ሲንቀጠቀጥ በሽቦው ላይ ያለው ቮልቴጅ ከፍ ዝቅ አለ፤ ያ ከፍ ዝቅ ማለት ደግሞ ክሩ ላይ የተለበጠውን የብረት ዝገት (አዎ፣ ዋናው ነገር በደንብ የተፈጨ ዝገት ነው) በማግኔት ጠንከርና ላላ አድርጎ አተመው። አየሩ፣ ሽቦው፣ ዝገቱ፣ ሁሉም የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ ቅርጹ ግን አንድ ነው። አንዱ የሌላው አምሳያ ነው። አናሎግ ማለት በመሠረቱ ይኼ ነው፤ አምሳያ። ፊሊፕስ ኩባንያ በ1963 እ.ኤ.አ. ያወጣው ይህ የካሴት ዓይነት ክሩን በሰከንድ 4.76 ሳንቲ ሜትር ያስኬዳል። የአጎቴ አንድ ሰከንድ እንግዲህ ከአውራ ጣት ርዝመት ብዙ አይበልጥም።

ኮምፒውተር አምሳያ አይገባውም። ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። ቀያሪው የሚሠራው ሁለት ሥራ ነው፤ ከፍ ዝቅ የሚለውን ቮልቴጅ በየተወሰነ ቅጽበት ማየት፣ ያየውንም መመዘን። የመጀመሪያው ናሙና መውሰድ ይባላል።

እኔን መጀመሪያ ያስጨነቀኝ ይኸው ናሙና ነበር። በሰከንድ 48,000 ጊዜ ያያል ቢባልም፣ በሁለት እይታዎች መካከል ያለውስ? የአጎቴ ድምፅ እንደ ወንፊት ተበሳስቶ ሊቀር ነው? ሰው ሁሉ የሚያስበው ይኼንኑ ነው፤ «ዲጂታል ድምፅ ይቆራርጣል፣ ሸክላና ካሴት ግን ሙሉ ናቸው» የሚሉ ሰዎችም ክርክራቸው ከዚህ ይነሳል። መልሱ ግን እንደዚያ አይደለም።

ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ ዳባት በክረምት የተጓዛችሁ የወገራን ጉም ታውቁታላችሁ። መንገዱ አይታይም። በመንገዱ ዳር የቆሙት የመብራት እንጨቶች ጫፍ ግን ከጉሙ በላይ ይታያል እንበል። እንጨቶቹ ሁሉ እኩል ቁመት ካላቸው፣ ጫፋቸውን ብቻ አይታችሁ መንገዱ የት እንደሚወጣ፣ የት እንደሚወርድ ማወቅ ትችላላችሁ። አንድ ነገር ግን አስቀድሞ መታወቅ አለበት፤ በሁለት እንጨቶች መካከል ወርዶ የሚወጣ ጉድጓድ መኖር የለበትም። መንገዱ ከዚያ ይልቅ ዝግ ብሎ የሚወጣና የሚወርድ ከሆነ፣ በእንጨቶቹ መካከል ያለው መሬት በግምት ሳይሆን በእርግጠኝነት ይታወቃል፤ በእነዚያ ነጥቦች ሊያልፍ የሚችለው መንገድ አንድ ብቻ ነውና። ሃሪ ናይኪስት በ1928፣ ቭላዲሚር ኮቴልኒኮቭ በ1933፣ ክሎድ ሻነን በ1949 እ.ኤ.አ. በየፊናቸው የደረሱበት ነገር በሒሳብ ቋንቋ ይኸው ነው፤ ድምፁ ውስጥ ካለው ከሁሉም ፈጣን ንዝረት ከእጥፍ በላይ ጊዜ ናሙና ከወሰድክ፣ በመካከል የጠፋ ነገር የለም። ጆሮ ጤነኛ ሆኖ ወጣት ሲሆን በሰከንድ እስከ 20,000 ገደማ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ይሰማል። የሲዲ 44,100፣ የእኔም 48,000 የመጡት ከዚያ ነው።

እጥፍ ካልሆነስ? ሁለት ነገር ይመጣል። አንዱን በየቀኑ በስልክ ትሰሙታላችሁ። የተለመደው የስልክ ድምፅ በሰከንድ 8,000 ናሙና ብቻ ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ ከ3,400 ንዝረት በላይ ያለው ተቆርጦ ይቀራል። «ሰ» እና «ፈ» የሚለዩት ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ በላይ ባለው ፉጨት ነው። እናቴ በስልክ «ፈተናውን ሠራሁ» ስላት «ለምን ትፈራለህ?» የምትለኝ ጆሮዋ ደክሞ አይደለም። ሠራሁ እና ፈራሁ በመንገድ ላይ አንድ ሆነው ነው የሚደርሷት።

ሁለተኛው ከዚህም የባሰ ነው፤ የሌለ ነገር ይፈጥራል። የምትሮጥ ባጃጅ በስልካችሁ ቪዲዮ ስትቀርጹ ጎማዋ ወደ ኋላ ሲዞር አይታችሁ ይሆናል። ካሜራው በቂ ጊዜ ስላላየው በመካከል የሆነውን በውሸት ሞላው። ድምፅም እንዲሁ ነው። በሰከንድ 48,000 ናሙና የሚወስድ ቀያሪ 30,000 ንዝረት ያለው ድምፅ ቢገባበት 18,000 አድርጎ ይጽፈዋል። ከተጻፈ በኋላ ደግሞ እውነተኛውን 18,000 ከሐሰተኛው የሚለይ የለም። ስለዚህ ከቀያሪው በፊት ማጣሪያ ይቆማል፤ ከግማሹ በላይ ያለውን ሁሉ አስቀድሞ ይከለክላል። ጋዜጠኛ ለሆነ ሰው ይህ ትንሽ ያሳስባል መሰለኝ፤ ያላየውን አይቻለሁ ከሚል ምስክር፣ አላየሁም የሚለው ይሻላል።

አሁን ወደ ምዘናው። ቅዳሜ ገበያ ድንች ስትገዙ ባለ ሁለት ሳህን ሚዛን ያለው ነጋዴ ምን ያደርጋል? ትልቁን ድንጋይ ያስቀምጣል። ከከበደ ያነሳዋል፣ ካነሰ ይተወውና ቀጣዩን ይጨምራል። የ8፣ የ4፣ የ2 እና የ1 ኪሎ ድንጋዮች አሉት እንበል፤ ድንቹ ደግሞ 11 ኪሎ ከ300 ግራም ነው። 8 ተቀመጠ፣ ቆየ። 4 ተጨመረ፣ 12 ሆነ፣ በዛ፣ ተነሳ። 2 ተጨመረ፣ 10 ሆነ፣ ቆየ። 1 ተጨመረ፣ 11 ሆነ፣ ቆየ። የቆየውን 1፣ የተነሳውን 0 ብላችሁ በተራ ጻፉ፤ 1011። ይኸው ነው ዲጂታል የሚባለው! አንድ ዓይነት ቀያሪ ቃል በቃል እንዲህ ነው የሚሠራው፤ በድንጋይ ፈንታ ልካቸው የታወቀ ቮልቴጆችን እያስቀመጠና እያነሳ። (በዛሬዎቹ የድምፅ ካርዶች ውስጥ የሚበዛው ዓይነት መንገዱ ለየት ይላል፤ በሰከንድ ሚሊዮኖች ጊዜ «በለጠ ወይስ አነሰ?» ብቻ እያለ ይጠይቅና የስህተቱን ትርፍ ወደ ቀጣዩ ጥያቄ እያሻገረ፣ በመጨረሻ አማክሎ ያወጣል። ጓደኛዬ ይህን በሦስት ሻይ አስረዳኝ፤ እኔ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፌዋለሁ።)

300 ግራሙስ የት ሄደ? ጠፋ። ግማሽ ኪሎና ሩብ ኪሎ ቢጨመሩ 11 ከሩብ ይሆንና 50 ግራም ብቻ ይቀራል። እያንዳንዱ ድንጋይ ቢት ይባላል፤ አንድ ቢት ሲጨመር ደረጃው በእጥፍ ያድጋል። 4 ድንጋይ 16 ደረጃ ይሰጣል፣ 16 ድንጋይ 65,536። አንድ ቮልት በ65,536 ሲከፈል የእያንዳንዱ ደረጃ ስፋት 15 ሚሊዮንኛ ቮልት ገደማ ነው። የሚጠፋው ትርፍ በጆሮ የሚሰማው እንደ ረቂቅ ሹክሹክታ ሆኖ ነው፤ የካሴቱ የራሱ «ሽሽሽ» ደግሞ ከዚያ እጅግ ይበልጣል።

ታዲያ ለካሴት 16 ቢት ከበቃ ለምን 24 መረጥሁ? ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል መዛግብት ማኅበርም ለመዝገብ ከ48,000 ናሙናና ከ24 ቢት እንዳያንስ ይመክራል። የኔ ምክንያት ግን ያቺ አንድ ዕድል ናት። ሚዛኑ ጣሪያ አለው። የገባው ድምፅ ከሁሉም ድንጋዮች ድምር ከበለጠ ቀያሪው «ከዚህ በላይ የለኝም» ብሎ ጫፉን ይቆርጠዋል፣ የተቆረጠው ደግሞ በምንም አይመለስም። አዝማሪ ቤት ከማሲንቆው አጠገብ ስልክ ደግነው የቀረጹትን ቪዲዮ የሰማ ሰው ያንን መቀደድ ያውቀዋል። አጎቴ የት ላይ ጮክ ብሎ እንደሚስቅ አውቃለሁ፤ በልጅነቴ በቃሌ ይዤዋለሁ። ነገር ግን የታደሰው ክር ምን ያህል ጮኾ እንደሚወጣ ማንም አያውቅም። ለሙከራ ማጫወት ደግሞ አይቻልም። 24 ድንጋይ ካለህ ድምፁን ዝቅ አድርገህ ከጣሪያው አርቀህ ብትቀዳው፣ ከሥር ያለው ደረጃ ስለሚተርፍ የሚጎዳ ነገር የለም። ጀሪካኑን ትልቅ ማድረግ ማለት ነው፤ እንዳይፈስ።

የቀዳንበት ቀን መብራት ጠፋ። እኔ ደነገጥሁ፤ ሽማግሌው ግን «እሰየው!» አሉ። ቀድመን ስንሞክር ከግድግዳው ኤሌክትሪክ የሚመጣ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ የሚመላለስ «እምምም» የሚል ድምፅ እየገባ አስቸግሮን ነበር። አሁን ቴፑ በስድስት አዲስ የባትሪ ድንጋይ፣ ላፕቶፑ በራሱ ባትሪ። እምምታው ጠፋ። ሽማግሌው የቴፑን ራስ በአልኮል ጠረጉ፣ ክሩን በእስክሪብቶ አጠነጠኑ፣ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አድርገው ቀና ብለው አዩኝ። የተዋስኩትን ትንሽ የድምፅ ካርድ ሰካሁ። 27 ደቂቃ ሙሉ ሁለታችንም አልተነፈስንም ብል ማጋነን አይሆንም። አጎቴ ሰላምታ ሰጠ፣ ሰው ሁሉ በየስሙ ጠራ፣ ስለ በሬው ጠየቀ፣ ሳቀ። ጣሪያው አልተነካም።

27 ደቂቃ በ48,000 ሲባዛ 77,760,000 ይሆናል። አጎቴ በስንት ቁጥር ይጻፋል ለሚለው መልሱ ይኸው ነው፤ 77,760,000 ቁጥሮች፣ እያንዳንዳቸው 24 ቢት፣ ድምር 233 ሜጋ ባይት። ከአንድ ተራ ፊልም ያነሰ።

ደባርቅ ወጥቼ ለአያቴ ላስረዳት ሞከርሁ። ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ድንቹና ሚዛኑ ወዲያው ገባት፤ እድሜዋን ገበያ የወጣች ሴት ናት። ያልገባት ሌላ ነው፤ ወይም እኔ ያልገባኝን ጠየቀችኝ ብል ይሻላል።

«ቁጥር ነው አልከኝ። ታዲያ ድምፁ የት ሄደ ልጄ? ከቁጥሩ መልሰህ የምታወጣው እሱ ራሱ ነው ወይስ እሱን የሚመስል?»

«እምዬ፣ ካሴቱስ ላይ ቢሆን እሱ ራሱ የት ነበር? ዝገት ነው እኮ።»

«ዝገቱን ድምፁ ነክቶታል» አለች።

ለዚህ መልስ የለኝም ነበር። ስለ መውጫው በር ነገርኋት። ከዲጂታል ወደ አናሎግ ቀያሪው የነጋዴውን ሥራ ገልብጦ ይሠራል፤ 1011 ሲባል 8ን፣ 2ን እና 1ን ያነሳና በሚዛኑ ላይ ይደምራቸዋል፤ ድንጋዮቹ እዚህም ቮልቴጅ ናቸው። በሰከንድ 48,000 ጊዜ እንዲህ ይደምራል። መጽሐፍ ላይ ይህ እንደ ደረጃ፣ እንደ ግንብ መወጣጫ ሆኖ ይሳላል፤ ስዕሉ ሰውን ያሳስታል፤ ከድምፅ ማጉያው ደረጃ ደረጃ የሆነ ድምፅ አይወጣምና። ከቀያሪው ጋር ያለው ማጣሪያ ደረጃውን ያለሰልሰዋል፤ ከግማሹ በላይ ያለ ንዝረት ሁሉ ሲወገድ የሚቀረው ያ በነጥቦቹ ሊያልፍ የሚችለው አንድ መስመር ነው፤ የጉሙ መንገድ።

አያቴ ዝም ብላ ቆየችና «እንደ ድጓ ምልክት ነው በለኛ» አለች። ወንድሟ የቆሎ ተማሪ ነበር። አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ደረሱት የሚባለው የዜማ ምልክት ከፊደሉ በላይ ተጽፎ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ብራናው አይዘምርም፤ መሪጌታው አፉን ሲከፍት ነው ዜማ የሚሆነው። ምሳሌዋ ከኔ የመብራት እንጨት ይበልጣል። አንድ ልዩነት ብቻ አለ፤ መሪጌታው ምልክቱን ለማንበብ ከሌላ መሪጌታ አፍ ዓመታት መማር አለበት፣ ቀያሪው ግን የሚያስፈልገው ሰዓት ብቻ ነው፤ በስንት ቅጽበት ልዩነት እንደተጻፈ ማወቅ። እንደ ቀዳው ፍጥነት ካነበበው ይበቃል። በውስጡ ያለው ትንሽ ክሪስታል ይህን ልክ ይጠብቅለታል።

ሰዓቱን ካነሳን፣ ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀኝን ልንገራችሁ። ላፕቶፑ ላይ ሞገዱን አጉልቼ ስመለከት አጎቴ ዝም በሚልባቸው ቦታዎች ላይ እኩል እኩል የተራራቁ ትናንሽ ሹሎች አየሁ። የእነዚያ ዘመን መቅረጫዎች ዝምታ ሲመጣ በራሳቸው የድምፅ ኃይል ከፍ ያደርጋሉ፤ ስለዚህ በክፍሉ ውስጥ ያለው ነገር ሁሉ ይሰማል። የጠረጴዛ ሰዓት ነበር። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ገዳሪፍ ውስጥ በ1979 ዓ.ም. አንድ ጠረጴዛ ላይ የነበረ ሰዓት! መጀመሪያ ላይ በአንዱ ቀጭታና በሚቀጥለው መካከል 48,000 ገደማ ናሙና አለ፤ አንድ ሰከንድ፣ ልክ ነው። ወደ መጨረሻው ስሄድ ግን 47,000፣ 46,000፤ የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ 45,000። ሰዓት አይፈጥንም። ቴፑ ነው የዘገየው፤ አጎቴ ሲቀርጽ ድንጋዩ እየደከመ ሞተሩ ክሩን እያዘገመ ይጎትት ነበር። እያዘገመ የተቀረጸ ክር በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወት ይፈጥናል፣ ድምፁም ይቀጥናል። ራሱም መጨረሻው ላይ «ድንጋዩ የደከመ መሰለኝ፣ ልጨርስ» ይላል፤ ስንት ዓመት ሰምተነው ልብ ያላልነው ነገር።

ቤተሰባችን ውስጥ ግን የዚያ ካሴት መጨረሻ ሌላ ትርጉም አለው። አጎቴ እየተሰናበተ ሲሄድ ድምፁ ይቀጥናል፣ ይጣደፋል፣ የልጅ ድምፅ ይመስላል። «እንባ አንቆት ነው» ነው የምንባለው። አያቴ በየፋሲካው የምታለቅሰው እዚያ ጋ ሲደርስ ነው። እንግዲህ በቀጭታው ልክ እያዘገምኩ አስተካክዬ አንድ ሌላ ቅጂ ሠራሁ፤ በዚያኛው አጎቴ እስከ መጨረሻው ድረስ ረጋ ያለ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ሰው ነው። ላሰማት ወይስ ልተወው? እናቴ «ተው፣ የሰላሳ ምናምን ዓመት ነገር አትንካባት» አለች። አክስቴ «እውነቱን ትስማ እንጂ» አለች። ሌሊቱን ሙሉ ተከራከሩ።

ቀያሪው ይህን አይፈርድም። በሩ ላይ የደረሰውን በታማኝነት ጽፎታል፤ የደከመውን ድንጋይም፣ ሰዓቱንም፣ ስንብቱንም እኩል አድርጎ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጀርመን አገር የዘፈኗቸው ሸክላዎች ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ «ኢትዮፒክስ» በተሰኘው ተከታታይ 27ኛ ቅጽ ላይ በሲዲ ወጥተዋል። የዚያ ዘመን ሸክላዎች ሁሉ በአንድ ፍጥነት የተቀረጹ አልነበሩም፤ ወደ ዲጂታል የሚያሻግራቸው ሰው ፍጥነቱን ራሱ መወሰን አለበት። እኛ የምንሰማው ድምፅ ውስጥ የአንድ የማናውቀው ባለሙያ ጆሮ አለ ማለት ነው። ዜና ስናርትዕ የምናደርገው ከዚህ ይለያል? የቃለ መጠይቅ ሰጪውን «እ…» እና «ማለቴ…» የምንቆርጥ ሁሉ ጥሬውን ቅጂ የት እንደምናስቀምጥ ብንነጋገር ጥሩ ነው። ብዙዎቻችን እንደምንሰርዘው አውቃለሁ፤ ስልኩ ይሞላላ።

አሰማኋት። ሁለቱንም፣ ምን እንደሆኑ ነግሬ። መጀመሪያ እንዳለ የቀዳሁትን፣ ከዚያ የተስተካከለውን። የተስተካከለውን እስከ መጨረሻው በጸጥታ ሰማች፣ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ድምፁ ይኼ ነው» አለች። «ሲሄድ እንዲህ ነበር የሚናገር።» ትንሽ ቆይታ ደግሞ «ግን አልቅሷል። ድንጋዩም አልቋል፣ ልጄም አልቅሷል» አለችኝ። አልተከራከርኋትም፤ ቀጭታው ስለ ሞተሩ እንጂ ስለ ሰውየው የሚናገረው ነገር የለም።

አሁን ጥሬው ፋይል በሦስት ቦታ ተቀምጧል፤ በኔ ላፕቶፕ፣ በአክስቴ ፍላሽ እና ጎንደር ባለ አንድ ዘመድ ቤት። የተስተካከለው በስሙ ላይ «የተስተካከለ» ተብሎ ተጽፎበታል። ለውጭ ዘመዶች በቴሌግራም የላክሁት ወደ ኤም ፒ ስሪ የተጨመቀውን ነው፤ 26 ሜጋ ባይት ብቻ ነው፤ ጆሮ አይለየውም የተባለው ተጥሎለት። ሰዓቱ ግን እዚያም በደንብ ይሰማል። አንዷ የአክስቴ ልጅ ከካናዳ ደውላ «ያ ቀጭ ቀጭ የሚለው ምንድን ነው?» አለችኝ።

የቀረው ሳይድ ቢ ነው። አያቴ «ባዶ ነው» ትላለች፤ አክስቴ ደግሞ ልጅ ሳለች አንድ ጊዜ ገልብጠው ሲያጫውቱት ሌላ ሰው ሲናገር ሰምቻለሁ ትላለች፤ አጎቴ አብሮት የሚኖር ሰው ነበረው። ሳይድ ቢ ያለው በዚያው በደረቀው ክር በሌላው ግማሽ ወርድ ላይ ስለሆነ ክሩ አንድ ጊዜ ደግሞ መሄድ አለበት። ሽማግሌው ከአንድ አሮጌ የመዝሙር ካሴት ላይ ጥሩ ስፖንጅ አግኝተዋል፣ ክሩም ጥቂት ሳምንት ሳይነካ ይረፍ ብለዋል። ድምፁን ከመጀመሪያውም ዝቅ አድርጌ ነው የምቀዳው፤ የዚያን ሰውዬ ሳቅ አላውቀውም።